አፈንጋጩ ትክክል ባይሆንስ?

«እንደ ንጉሡ አጎንብሱ» ሲባል ሳይሰማ ያደገ የለም። ለልጅ የሚሰጥ ምክር ነው፤ ከሰው ተስማምተህ ኑር፣ በራስህ ላይ መዘዝ አታምጣ ማለት ነው። አባ እስጢፋኖስ ግን አላጎነበሱም። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖሩት እኚህ የትግራይ መነኩሴ፣ ስግደት የሚገባው ለአብ፣ ለወልድና ለመንፈስ ቅዱስ ብቻ ነው ብለው ለንጉሥ መስገድን እምቢ አሉ። ለሥዕልና ለመስቀልም አትሰግዱም ተብለው እሳቸውም ደቀ መዛሙርታቸውም ተከሰሱ፤ «ጸረ ማርያም» የሚል ስምም ወጣላቸው። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ያደረሱባቸው መከራ ለጆሮ ይከብዳል፤ ግርፋት፣ ግዞት፣ አፍንጫና ምላስ መቁረጥ፣ በድንጋይ ማስወገር። አባ እስጢፋኖስ እስር ላይ እንዳሉ አረፉ። ታሪካቸውን ዛሬ በአማርኛ ለማንበብ የበቃነው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ከግዕዝ መልሰው «ደቂቀ እስጢፋኖስ፦ በሕግ አምላክ» ብለው ስላሳተሙልን ነው።

ይህን ታሪክ ስናነብ ሁላችንም ከመነኩሴው ጎን እንቆማለን። ምላስ አስቆራጩን ንጉሥ የሚደግፍ አንባቢ እስካሁን አልገጠመኝም። መጽሐፉን ከድነን ወደ ሰፈራችን ስንወጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የማይደርስ ጎረቤት፣ እናቱን ያለ ተዝካር የሸኘ ልጅ፣ ተበድሮ ከመደገስ ምስክሮቻችን ይበቁናል ብለው የተጋቡ ጥንዶች፣ በሽታ ሁሉ ከምግብ ነው ብሎ ጥሬ ብቻ የሚበላ ሰው፣ ምድር ጠፍጣፋ ናት እያለ ታክሲ ውስጥ የሚከራከር ወጣት፤ በእነዚህ ላይ ያለን ፍርድ አጭር ነው። «ወፈፍ ያደርገዋል።» «ነካ አድርጎታል።» ይህ ከተባለ በኋላ የሚናገረውን የሚሰማ የለም።

የብዙኃኑ አቋም በጨዋ አነጋገር ሲቀመጥ እንዲህ ነው፦ ያመነውን በሆዱ ይያዝ፤ አደባባይ አውጥቶ ከአገሬው ከተለየ ግን የመጣበትን ይቀበል፤ ማንም አልገደለው፣ ማንም አላሰረው፤ የራቀው እሱ ነው። ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ለቅሶ የሚደርሱ፣ የተቸገረ የሚያበሉ፣ ሽማግሌ ሆነው ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቁ ናቸው። አቋሙ ሥር የሰደደውም በእነሱ አፍ ስለሚነገር ነው። ከዚህ ሌላ ደግሞ ተምረናል የምንለው የምንናገረው አለ፦ «አፈንጋጩን አትንኩት፤ ማን ያውቃል፣ ነገ ትክክል ሆኖ ቢገኝስ?» ለጆሮ የሚጥም መከላከያ ነው። እኔን ግን ከፊተኛው ይልቅ ይሄኛው ያሳስበኛል፤ ጠበቃ መስሎ የሚቀርብ ነውና።

የዚያኑ ዘመን ታሪክ ትንሽ ወደ ኋላ ሄደን እንየው። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ከእሑድ ጋር ቅዳሜም ሰንበት ሆና ትከበር ብለው ያስተማሩ መነኩሴ ነበሩ። ትምህርታቸው የሹመኛውም የጳጳሱም ጠላትነት አመጣባቸው፤ አገር ለቀው ተሰደዱ፤ በ1352 እ.ኤ.አ. በአርመን ምድር አረፉ። የቀሩት ተከታዮቻቸው ከአብያተ ክርስቲያናት ተባረሩ፤ ክህነትም ተከለከሉ። በ1404 አፄ ዳዊት ማሳደዱ ይብቃ ብለው ቅዳሜን እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው። በ1450 ደግሞ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የቅዳሜ ሰንበት የመላው ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሆነች። ጉባኤውን የሰበሰቡት ማን ነበሩ? ደቂቀ እስጢፋኖስን ያሳደዱት አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ራሳቸው።

አንድ ንጉሥ፣ አንድ ዘመን። በአንድ እጃቸው የትናንቱን አፈንጋጭ ትምህርት የአገር ሕግ አደረጉ፤ በሌላው እጃቸው የዛሬውን አፈንጋጭ ምላስ አስቆረጡ። ዜና መዋዕላቸው እንደሚነግረን ክርስቲያን ሁሉ በግንባሩና በክንዱ ላይ የእምነት ቃል ጽፎ እንዲታይ ያዘዙም እሳቸው ናቸው። የኤዎስጣቴዎስ ወገኖች ትክክል ሆነው «ተገኙ»፤ ታዲያ ቀጥሎ ለመጣው እንግዳ ሐሳብ ምን ፈየደለት? ምንም። ማግለያው እንዳለ ቆየ፤ የተለወጠው የሚገለለው ሰው ብቻ ነው። «ነገ ትክክል ቢሆንስ» የሚለው መከላከያ የሚያፈራው ይህንን ነው። ያሸነፈውን ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ያላሸነፈውን ውጭ ይተዋል። ንጉሡ ደግሞ በራሳቸው ዓይን ወላዋይ አልነበሩም፤ ኤዎስጣቴዎስ ትክክል ነበሩ፣ እስጢፋኖስ ተሳስተዋል ብለው በሙሉ ልብ ያምኑ ነበር።

አውራ አምባንም ተመልከቱ። በደቡብ ጎንደር ፎገራ ወረዳ ያለችውን መንደር የመሠረቱት ዙምራ ኑሩ ገና በልጅነታቸው የጠየቁት ጥያቄ ቀላል ነበር፤ እናትና አባት አብረው ከእርሻ ሲመለሱ አባት አረፍ ይላል፣ እናት ለምን እንደገና ወጥ ቤት ትገባለች? ቤተሰባቸው ልጁ አእምሮው ተነክቷል ብሎ አሰበ። ካደጉ በኋላም ሐሳባቸውን የሚጋራ ፍለጋ ብዙ ተንከራተቱ። በ1964 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበረሰብ ወንድ የሚፈትልበት፣ ሴት የምታርስበት፣ አቅመ ደካማ የሚጦርበት፣ አንድ ፈጣሪ እየታመነ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የማይሠራበት ሆነ። ጎረቤቱ አልወደዳቸውም፤ በደርግ ዘመን መጨረሻ ሸሽተው እስከ ቦንጋ ተሰደዱ። ሲመለሱ የቀራቸው መሬት ጥቂት ስለነበር ሽመናን የሙጥኝ አሉ። ዛሬ ታሪኩ ሌላ ነው። ጎብኚ ጎርፏል፣ ጋዜጠኛ ካሜራ ደግኖ መጥቷል፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ለዙምራ የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል።

ክብሩ ይገባቸዋል። የምጠይቀው ሌላ ነው። አውራ አምባ ባትበለጽግስ? ሽመናው ባይሳካ፣ ፈረንጅ መጥቶ ባያደንቅ፣ ዩኒቨርሲቲ ባያስታውሳቸው፣ ዛሬም ሃያ ድሃ አባወራዎች ብቻ ሆነው በዚያ ኮረብታ ሥር ቢኖሩ ኖሮ፣ ያሳደዳቸው ሰው ትክክል ሊሆን ነው? የእኛ ሙገሳ የተሰጠው ለኑሯቸው መሳካት ነው። ሸሽተው ቦንጋ በወረዱ ጊዜ ሰውነታቸው ከዛሬው አያንስም ነበር።

«ጴንጤ» የሚለው ስድብ የነበረበትን ጊዜ የሚያስታውሱ ብዙ ናቸው። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን ፈቃድ ተከልክላ አባላቷ ታስረዋል፤ በደርግ ጊዜ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተገድለዋል። በስንት ቦታ የሟች አስከሬን ተይዞ «እዚህ አይቀበርም» ተብሏል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከመቶው ሕዝብ 18.6 የሚሆነው ፕሮቴስታንት ነኝ አለ። አሁን ማን ደፍሮ መቃብር ይከለክላቸዋል? ነገር ግን ቁጥራቸው አሥር ብቻ ሆኖ ቢቀርም፣ ትምህርታቸው ከሥር እስከ ጫፍ ስሕተት ቢሆንም፣ ያ አስከሬን በክብር መቀበር ነበረበት። ሙግቴ በሙሉ የቆመው እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው አፈንጋጭ የተሳሳተ ነው። በየመቶው አንድ ኤዎስጣቴዎስ ቢወጣ ነው፤ የቀሩት ስማቸው ሳይታወቅ፣ ሐሳባቸውን የሚቀበል ሳያገኙ ያልፋሉ። ጥበቃ የሚያስፈልጋቸውም እነሱ ናቸው፤ ያሸነፈውማ ጠባቂው ብዙ ነው።

«ማንም አልነካውም» የሚለውን ቃል ጠጋ ብለን እንፈትሸው። አንድ ሰው በሐሳቡ የተነሳ ከእድር ተሰናበተ እንበል። አዲስ አበባ ውስጥ እድር ማለት ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ሰው ሲሞት ገና ሳይነጋ ጡሩምባ ነፊው በየመንደሩ ይዞራል፤ የሟችን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይጠራል። ድንኳኑ ይተከላል፤ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ፣ ሳህንና ብርጭቆው ከእድር ቤት ይወጣል። ሴቶቹ ንፍሮ ይቀቅላሉ፤ ወጣቶቹ ውኃ ይቀዳሉ፤ ዳኛው ስም እየጠራ የቀረውን ይመዘግባል። ሐዘንተኛው ሦስት ቀን ሙሉ ብቻውን አይሆንም፤ አልጋው አጠገብ ፍራሽ አንጥፎ የሚያድር ሰው አለ። አሁን ይህ ሁሉ የሌለበትን ጠዋት አስቡ። የሰውየው ሚስት ሌሊት አርፋለች። ጡሩምባ አይነፋም። ለድንኳን ኪራይ ከየት ያምጣ? አስከሬኑን ከቤት እስከ መኪና የሚያወጡት አራት ትከሻዎች እነማን ናቸው? ጎረቤቱ በመስኮት መጋረጃ ገልጦ ያያል፤ ልቡ ያዝናል፤ ነገር ግን ከእድሩ ጋር ላለመጣላት አይወጣም። ማንም አልነካውም፤ በትክክልም የተደረገበት ይኸው ነው። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ብለን የምናምን ሕዝብ፣ ሰውን ከሰው ስንለይ ምን እንደነሳነው አናውቅም ልንል አንችልም።

ገጠር ውስጥ ይህ ቅጣት ከዚህም ይጠነክራል። ደቦ አይወጣለትም፤ እሳት አይጫርለትም፤ ልጁን የሚያገባ ይጠፋል፤ ከብቱ ቢጠፋ አየሁ የሚል አይገኝም። መንግሥት ቢያስረው የእስር ዘመኑ ይቆጠርለት ነበር፤ የጎረቤት ፍርድ ግን ማብቂያ ቀን የለውም።

በዚህ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያ መቃወሚያ አንድነት ነው። አገር የሚቆመው በጋራ እምነት ነው፤ እያንዳንዱ በየፊናው ከሄደ ምን ይተርፈናል ይባላል። ስጋቱን አልንቀውም፤ መከፋፈል ምን እንደሚያስከፍል በዓይናችን ያየን ትውልድ ነን። ነገር ግን አፄ ዳዊት የኤዎስጣቴዎስን ወገኖች ማሳደድ ሲያቆሙ አገር አልፈረሰም። ቅዳሜን የሚያከብርና የማያከብር መነኩሴ በአንድ ንጉሥ ሥር ለዓመታት ኖረ። አሁን ያሉብንን ቁስሎች ያመጡት ተዝካር አላወጣም ያለው ጎረቤቴና ጥሬ የሚበላው ሰውዬ አይደሉም። ብዙ ተከታይ ያላቸው፣ ከወገናቸው ጋር አንድ ልብ የሆኑ፣ ከሰልፉ ወጣ ያለውን ሁሉ ከሃዲ ያሉ ሰዎች ናቸው ያመጡት። በእንደዚህ ዓይነት ጊዜ «ቆይ እስቲ» የሚል አንድ ወጣ ያለ ሰው በየመንደሩ ቢኖርና ቢደመጥ ስንት ነፍስ በተረፈ ነበር።

ሁለተኛው መቃወሚያ ከባድ ነው፤ በጎረቤታችን በኬንያ የሆነውን ሁላችንም ሰምተናል። በ2023 እ.ኤ.አ. ሻካሆላ በተባለው ጫካ፣ ፖል ማኬንዚ የተባለው ሰባኪ ተከታዮች ወደ ሰማይ ለመድረስ ምግብ አቁመው ነበር፤ ከ400 በላይ አስከሬን ከጉድጓድ ወጣ፤ ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። «ይኸውላችሁ፣ አፈንጋጭን ዝም ስትሉት» የሚል ሰው ቢነሳ አይፈረድበትም። ግን ወንጀሉ የቱ ላይ እንደሆነ እንለይ። የዓለም መጨረሻ ደርሷል ማለት ወንጀል አይደለም፤ ሕፃን ማስራብ ወንጀል ነው። ሕፃኑን የሚያስርበው በዓለም የታወቀ ሃይማኖት ተከታይ ቢሆንም ፍርዱ ያው ነው። መስመሩ መሰመር ያለበት በሌላ ሰው አካል፣ በልጅ ጤናና ምግብ፣ በሰው ንብረት ላይ ነው፤ እዚያ ላይ ርኅራኄ የለኝም። ደግሞም ልብ በሉ፤ ጫካ ውስጥ ተሰብስቦ በአንድ ሰው ቃል የሚሞት ሕዝብ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ከዘመድ ከጎረቤት የተቆረጠ ሕዝብ ነው። ያልተገለለ ሰው «ኧረ ልጅህ ከሳ» የሚለው ቡና ጠጪ አያጣም።

ሌላው፣ ይከበር ማለት ይሾም ማለት አይደለም። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የሚባል ሩሲያዊ የዕፅዋት ሊቅ በ1927 እ.ኤ.አ. አገራችን መጥቶ የስንዴና የገብስ ዘር እየለቀመ ዞሯል፤ ኢትዮጵያ ከዓለም የሰብል መገኛዎች አንዷ ናት ብሎ የመሰከረልን እሱ ነው። በዚያው በአገሩ ትሮፊም ሊሴንኮ የተባለ፣ የዘር ውርስን ሳይንስ የካደ የግብርና ሰው ነበር። ሊሴንኮ ሐሳቡን ይዞ በእርሻው ላይ ቢቀር ምንም አልነበረ። ስታሊን ግን ሥልጣን ሰጠው፤ ቫቪሎቭ በ1940 ተያዘ፤ በ1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ በረሃብ ደክሞ ሞተ፤ በ1948 የዘር ውርስ ሳይንስ በአገሪቱ ተከለከለ። ከዓመታት በኋላ ዦሬስ ሜድቬዴቭ የተባለ ባዮሎጂስት ይህንን ጉድ ጽፎ ሲያጋልጥ፣ በ1970 ጤነኛውን ሰው ካሉጋ በሚገኝ የአእምሮ ሆስፒታል አስገቡት። አፈንጋጩ ሲሾም የገዛ ሊቃቸውን በሉ፤ ያንን የተናገረውን ደግሞ እብድ አሉት። በሁለቱም ጊዜ የጠፋው አንድ ነገር ነው፤ መልስ። ማንም ለማንም መልስ እንዲሰጥ አልተጠየቀም።

እብድ ማለት እኛም ዘንድ ቀላል ሆኗል። ሐሳቡ ያልጣመንን ሰው ጸበል ውሰዱት እንላለን፤ በእውነት የታመመውን ደግሞ እናስራለን ወይም እንስቅበታለን። የታመመ ሰው ሐኪምና አስታማሚ ይፈልጋል፤ የተለየ ሐሳብ ያለው ሰው ተከራካሪ ይፈልጋል፤ ሁለቱን ማምታታት ሁለቱንም መበደል ነው። አሁን ደግሞ አዲስ ነውር መጥቷል። ጎዳና ላይ የሚሰብከውን፣ ለየት ያለ ልብስ የለበሰውን፣ ራሱን ነቢይ ያለውን ሰው ስልክ ደግነው እያናገሩ ቲክቶክ ላይ መጫን። እያነሳሳ የሚጠይቀው ልጅ ሳቁን አፍኖ ነው፤ ሰውየው የሚሰማው ያገኘ መስሎት ከልቡ ያስረዳል። በማግስቱ አገር ሙሉ ስቆበታል። የአባ እስጢፋኖስ አሳዳጆች ቢያንስ የሚናገሩትን ከቁም ነገር ቆጥረውት ነበር።

ለዚህም ነው «ተዉት፣ ይለፍልፍ» ማለት የማይበቃኝ። ዝም ብሎ ማለፍ የጨዋ ማግለል ነው። የእኛ ሰው ደግሞ መከራከር ያውቅበታል። በላ ልበልሃ እያለ በዛፍ ጥላ ሥር የተሟገተ ሕዝብ ነን፤ ቅኔ ቤቱ ተማሪ መምህሩን የሚጠይቅበት፣ ያልተዋጠለትን የሚመልስበት ቦታ ነው። «በሕግ አምላክ» ሲባል ጉልበተኛውም ባለበት ይቆም ነበር፤ የያዘውን ለቆ የሌላውን ቃል ይሰማ ነበር። ምድር ጠፍጣፋ ናት ለሚለው ልጅ የሚገባው ይኸው ነው። መርከብ ከአድማስ በታች እንዴት እንደምትሰወር፣ በጨረቃ ግርዶሽ ጊዜ የምድር ጥላ ለምን ክብ እንደሆነ አስረዳው። ባይቀበል ነገም አስረዳው። ቁጭ ብሎ ለማስረዳት የሚታክት ሰው፣ ምድር ክብ መሆኗን ያመነበት ምክንያት ምን እንደሆነ ራሱም አያውቅም ማለት ነው። አፈንጋጭ የሚያደርግልን ትልቁ ውለታ እንዲያውም ይህ ይመስለኛል፤ ትክክል ሳይሆንም፣ እኛ ትክክል የሆንንበትን ምክንያት ፈልገን እንድናገኝ ያስገድደናል።

እኔ ከሕግ አውጪው የምጠብቀው ብዙ አይደለም። የእምነትና የሐሳብ ነጻነት በሕገ መንግሥቱ ተጽፏል፤ የእኛ ችግር ያለው ከቀበሌ በታች፣ በእድር ቤት አግዳሚ ላይ ነው። ስለዚህ ለእድርተኛ ሁሉ የማቀርበው ጥያቄ ግልጽ ነው። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ይግባ፦ መዋጮውን የከፈለና ግዴታውን የተወጣ አባል በሚያምነው፣ በሚክደው፣ በሚለብሰውና በሚናገረው ምክንያት አይሰናበትም፤ እሱም ሆነ ቤተሰቡ ሲሞት እድሩ እንደ ማንኛውም አባል ይወጣለታል። የሚቃወም እንደሚነሳ አውቃለሁ። አንዱ ተነስቶ «እግዚአብሔር የለም የሚለውንም ልንቀብር ነው?» ይላል። አዎ፤ ድንኳኑም ይተከላል፣ ንፍሮውም ይቀቀላል። «ልጆቻችንን ቢያስትስ?» ይላል ሌላው። ያ ሰው በሕይወት ሳለ ጠርታችሁ ተከራከሩት፤ ልጆቻችሁም ቁጭ ብለው ይስሙ። «ሐሳቡን ካልለወጠስ?» ካልለወጠም ሐሳቡን እንደያዘ አባል ነው፤ የወሩን መዋጮ ይከፍላል፤ ለቅሶ ሲቀር እንደ ሌላው ሁሉ ይቀጣል።